ድድ ሲደማ ብሩሹ አይቀመጥም፦ ድድን በቤት የመጠበቅ መመሪያ

በብዛት የምጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። "ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል። ስለዚህ ተውኩት። ምን ልቀባበት?" ደብረ ብርሃን ያሉት ይጠይቁኛል። ከደብረ ሲናና ከመሐል ሜዳ የሚመጡትም ይህንኑ ይጠይቁኛል። መልሴ ለሁሉም አንድ ነው፦ መቦረሹን አትተዉ፣ አቦራረሹን አስተካክሉ። የሚቀባ ነገር አትፈልጉ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ጥርስ ከተቦረሸ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ ስስ፣ የሚያጣብቅ ነገር መጋገር ይጀምራል። ፕላክ ይባላል። በጥፍር ብትፍቁት ነጣ ያለ ለስላሳ ነገር ይወጣል፤ በጀርም የተሞላ ነው። ድዱ ከጀርሙ ጋር ሲታገል ደም ወደ ቦታው ይበዛል፣ ድዱ ያብጣል፣ ትንሽ ሲነካ ይደማል። እዚህ ላይ ቆሻሻው በየቀኑ ከተነሣ ድዱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ካልተነሣ ግን በቀናት ውስጥ ከምራቅ ማዕድን እየወሰደ ይደድርና ቢጫ ወይም ቡናማ ድንጋይ ይሆናል። ይህ ታርታር ነው፤ በብሩሽም በመፋቂያም አይነሣም። ከዚያ ሕመሙ ወደ ሥር ይወርዳል፣ ጥርሱን የያዘው አጥንት እየተበላ ይሄዳል፣ ጥርሱ መነቃነቅ ይጀምራል። የተበላ አጥንት በራሱ አይመለስም።

እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የሚያነጣጥረው በዚያች መስመር ላይ ነው። ጥርሱን ማንጣት ሳይሆን የድዱን ጠርዝ ማጽዳት ነው የምንፈልገው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ማሸጊያው ላይ "ሶፍት" የሚለውን ፈልጉ። ጭንቅላቱ ትንሽ ቢሆን ይመረጣል፤ ትልቅ ከሆነ የኋላ መንጋጋዎች ጋር አይደርስም።
- ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና። ለአዋቂ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ፍሎራይድ ያለው ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ቱቦው ላይ ይጻፋል።
- የጥርስ ክር (ፍሎስ)፣ ወይም በጥርስና በጥርስ መሃል የሚገባ ትንሽ ብሩሽ። ሱቅ ካጣችሁ ፋርማሲ ጠይቁ።
- መፋቂያ፣ የለመዳችሁ ከሆነ።
- ትንሽ መስታወትና ደህና ብርሃን።
- ለብ ያለ ውኃ።
- ጨው። ለቁስለት ቀን ብቻ ነው።

ለብ ያለውን ውኃ አትናቁት። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የቧንቧ ውኃ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ድዱ ሸሽቶ የጥርሱ ሥር ለተጋለጠበት ሰው ያ ውኃ እውነተኛ ሕመም ነው። ብዙ ሰው በብርዱ ምክንያት ብቻ በሦስትና በአራት ሰኮንድ ጨርሶ ይወጣል። ለሻይ ከተጣደው ውኃ ላይ ግማሽ ኩባያ ቀድታችሁ በቀዝቃዛ አለዝቡት።

አሠራሩ

1. መጀመሪያ ድዳችሁን እዩ። ከንፈራችሁን ገለጥ አድርጋችሁ በመስታወት ተመልከቱ። ጤነኛ ድድ ጥርሱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ጠርዙ ስስ ነው፣ ሲነካ አይደማም። የታመመ ድድ ጠርዙ ይወፍራል፣ ያብለጨልጫል፣ በጥርሶች መሃል ያለው ጫፍ ያብጣል። ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። የብዙዎቻችን ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችና እኅቶች ደግሞ ጥቁረቱ መቅላቱን ይሸፍንባቸዋል። እነሱ እብጠቱንና ደሙን ይከታተሉ። የሚደማው የት እንደሆነ ያዙት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ታወዳድሩበታላችሁ።

2. ማታውን ዋና አድርጉ። በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ ያስፈልጋል፤ አንዱ የግድ ከመኝታ በፊት ይሁን። ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል። ምራቅ አፍን የሚያጥበው ነገር ስለሆነ ሌሊቱን ጀርሙ ነጻ ሜዳ ያገኛል። ጠዋት የሚያስቀድሱና የሚቆርቡ ሰዎች አፋቸውን በውኃ መንካት አይፈልጉም፤ ደም እንዳይወጣባቸውም ይሰጋሉ። ለነሱ የማታው ሥራ በደንብ ከተሠራ ጠዋቱ አያስጨንቅም። ድዱ ሲድን የደሙም ስጋት አብሮ ይቀራል። የቀኑን ድርሻ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከምግብ ወዲያ ያድርጉት።

3. ብሩሹን አጋድማችሁ ድዱ ጠርዝ ላይ አስቀምጡ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ አብዛኛው ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብሩሹን በጥርሱ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ መያዝ ጥርሱን ያጸዳል፣ መስመሯን ግን ይዘላል። የብሩሹን ጸጉር ወደ ድዱ አዘንብሉት፤ 45 ዲግሪ ገደማ። ለላይኛው ጥርስ ጸጉሩ ወደ ላይ፣ ለታችኛው ወደ ታች ያያል። ግማሹ ጥርሱን፣ ግማሹ ድዱን መንካት አለበት። በትክክል ከያዛችሁት ድዱ ላይ ቀለል ያለ መኮርኮር ይሰማችኋል።

4. በትንሹ አንቀጥቅጡ፣ ከዚያ ጥረጉ። ብሩሹን ሳታነሡ በአጭር በአጭሩ አንቀሳቅሱ፤ በአንድ ቦታ ከሁለትና ከሦስት ጥርስ በላይ አትያዙ። ዐሥር ጊዜ ያህል ከተንቀሳቀሰ በኋላ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ጥረጉት። ከዚያ ወደ ቀጣዮቹ ጥርሶች እለፉ። ብሩሹን እንደ እርሳስ በጣቶቻችሁ ጫፍ ያዙት፤ በጭብጥ ሲያዝ ኃይል ይበዛል። ጸጉሩ ከተንጨባረረ እየተጫናችሁት ነው። በወር ውስጥ የሚንጨባረር ብሩሽ ያለው ሰው ድዱን እየላጠ እንደሆነ ይወቅ።

ቅደም ተከተል ይኑራችሁ። ከላይ ቀኝ ከውጭ ጀምራችሁ እስከ ግራ፣ ከዚያ በውስጥ በኩል ተመለሱ፤ ታችም እንዲሁ። የማኘኪያውን ገጽ መጨረሻ ላይ አድርጉት። ሁሉም 2 ደቂቃ ይወስዳል። ከታች የፊት ጥርሶች በስተጀርባ፣ በምላስ በኩል ያለውን ቦታ ልዩ ትኩረት ስጡት። የምራቅ ዕጢ የሚከፈተው እዚያ አጠገብ ስለሆነ ታርታር ቶሎ የሚደድረው እዚያ ነው። ብሩሹን ቀጥ አድርጋችሁ በጫፉ ብቻ አስገቡት።

ደም ከወጣ አትደንግጡ። ትፉትና ቀጥሉ። የሚደማው ቦታ ጽዳት ያጣው ቦታ ነው፤ ነገም ከነገ ወዲያም ቀለል ባለ እጅ ወደዚያው ተመለሱ።

5. በመፋቂያ የምትጠቀሙ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። መፋቂያ ጥሩ ነገር ነው፤ ችግሩ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። የወይራ ወይም የክትክታ እርጥብ ቅርንጫፍ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ አንድ ስንዝር ያህል ይበቃል። ጫፉን አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ልጣችሁ እስኪበጣጠስና ጸጉር እስኪያወጣ ድረስ አኝኩት። ያልታኘከ ደረቅ ጫፍ ድድ ይወጋል፣ ይቧጥጣል። ከዚያ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ፍቁ፦ ላይኛውን ወደ ታች፣ ታችኛውን ወደ ላይ። ግራና ቀኝ እንደ መጋዝ መፈተግ ድዱን ያሸሻል፣ የጥርሱን አንገት ይሰረስራል። መፋቂያ ይዞ መንገድ የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ የፊት ጥርሱን ከውጭ ብቻ ይፍቃል፤ ውስጡና መንጋጋው ሳይነካ ይቀራል። ቁጭ በሉና ሁሉንም አዳርሱ። ሲጨርሱ ያገለገለውን ጫፍ ቆርጦ መጣል ነው። መፋቂያ አይዋዋሱም።

የማታውቁትን ዛፍ አትጠቀሙ። በተለይ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ እንደ ቅንጭብ ያለ ዕፅ አፍ ያቃጥላል። መፋቂያ ፍሎራይድ ስለሌለው ማታ ማታ ብሩሽና ሳሙና ብትጨምሩበት ለጥርስ መቦርቦርም መከላከያ ይሆናችኋል።

6. በጥርሶች መሃል ግቡ። ብሩሽ በጥርስና በጥርስ መሃል አይገባም፤ የድድ በሽታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ይበቃል። 45 ሳንቲሜትር ያህል ክር ቆርጣችሁ በሁለቱ የመሃል ጣቶች ላይ ጠቅልሉ። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ወጥራችሁ፣ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። በኃይል ዱብ ካደረጋችሁት ድዱን ይቆርጣል። ከወረደ በኋላ አንዱን ጥርስ አቅፎ እንዲጠመዝዝ አድርጋችሁ ከድዱ ጠርዝ ሥር ጥቂት አስገቡና ወደ ጥርሱ ጫፍ ጥረጉ። ያንኑ ለጎረቤቱ ጥርስ ድገሙ። ክፍተታችሁ ሰፊ ከሆነ ከክሩ ይልቅ ትንሹ የመሃል ብሩሽ የተሻለ ያጸዳል። የልብስ ስፌት ክር አትጠቀሙ፤ ቀጭን ስለሆነ ይቆርጣል፣ ሲበጠስም መሃል ላይ ይቀራል።

የቆሎ ገለባና የፈንድሻ ልጣጭ በድድና በጥርስ መሃል ሲገቡ በአንድ ሌሊት ድዱን ሊያሳብጡ ይችላሉ። ከቡና ላይ ከተነሣችሁ በኋላ አንድ ቦታ ብቻ ከቆጠቆጣችሁ መጀመሪያ ክር አስገቡ። ስቴኪኒ የግድ ከሆነ የምግብ ቁራጩን ብቻ ገፍታችሁ አውጡበት፤ ድዱን አትጎርጉሩ። መርፌ፣ ምስማር፣ የክብሪት እንጨት ከነጭራሹ አፍ ውስጥ አይግቡ።

7. ትፉ፣ ግን አትጉመጥመጡ። ሳሙናውን ትፉና በዚያው ተዉት። ብዙ ውኃ ከተጉመጠመጣችሁ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። ምላሳችሁንም በብሩሹ ከኋላ ወደ ፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ጥረጉ። ብሩሹን አጥባችሁ ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አየር በሚያገኘው ቦታ አቁሙ። በ3 ወር ቀይሩ፤ ከተንጨባረረ ከዚያም በፊት።

8. ድዱ ካበጠ ለጥቂት ቀን በጨው ውኃ ተጉመጥመጡ። ፈልቶ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውኃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙበት። ለ30 ሰኮንድ ያህል አፋችሁ ውስጥ አንቀሳቅሳችሁ ትፉት፤ አትዋጡት፣ በተለይ ደም ግፊት ያለባችሁ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በቂ ነው። ያስታግሳል እንጂ ፕላኩን አያነሣም፤ ስለዚህ የብሩሹን ቦታ አይወስድም። ከፋርማሲ ክሎርሄክሲዲን የሚባል የአፍ ማጠቢያ ከታዘዘላችሁም ከሁለት ሳምንት አታሳልፉት፤ ጥርስ ያጠቁራል፣ የምግብ ጣዕም ያበላሻል። ከጥርስ ሳሙናው ግማሽ ሰዓት ለይታችሁ ተጠቀሙበት፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ኃይሉ ይዳከማል።

9. ሁለት ሳምንት ጠብቁና እንደገና እዩ። ቀለል ያለ የድድ ብግነት በትክክል ከተጸዳ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ መድማቱ ይቀንሳል። መጀመሪያ ቀናት ላይ ደሙ እንደነበረ ሊቀጥል ይችላል፤ ተስፋ አትቁረጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ያው ከሆነ ግን ከሥሩ ታርታር አለ ማለት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሌላ ምክንያት አለ። ያኔ ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ ነው።

10. ታርታሩን በባለሙያ አስነሡ። ጥርስ ማሳጠብ የምንለው ይሄ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራውም ይሄንኑ ነው፤ "ጥርስ ያነቃንቃል፣ ያሳሳል" ይባላል። እስቲ ነገሩን በደንብ እንየው። ታርታሩ ለዓመታት ሲጠራቀም ድዱን እየገፋ፣ አጥንቱን እያስበላ ቆይቷል። በጥርሶቹ መሃል የተጠቀጠቀው ድንጋይ የተነቃነቀውን ጥርስ እንደ ሽብልቅ ይዞት ሊሆን ይችላል። ድንጋዩ ሲወጣና ያበጠው ድድ ሲሟሽሽ ክፍተቱ ይታያል፣ ልቅነቱም ይሰማል። ጉዳቱ ግን ቀድሞ ደርሷል። ድንጋዩ ቢቀመጥ ኖሮ አጥንቱ መበላቱን ይቀጥል ነበር። ከእጥበት በኋላ ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ሊቆጠቁጥ ይችላል፤ ያልፋል። ምን ያህል ጊዜ መመላለስ እንዳለባችሁ ድዳችሁን ያየው ባለሙያ ይንገራችሁ፤ ታርታር ቶሎ የሚሠራበት ሰው አለ፣ የማይሠራበትም አለ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

ድድ ላይ ነጭ ሽንኩርት መጠቅጠቅ ወይም አረቄ መያዝ። ሁለቱም የድዱን ቆዳ ያቃጥላሉ። የራስ ምታት ክኒን ድድ ላይ ማስቀመጥም እንዲሁ፤ ነጭ ሆኖ የሚላጠው የተቃጠለው ሥጋ ነው።

በአመድ ወይም በከሰል ዱቄት መቦረሽ። ጥርሱ ለጊዜው ይነጣል፤ ሻካራው ዱቄት ግን የጥርሱን ቆዳ ይፍቃል፣ ድዱንም ያሸሻል።

አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ። እብጠቱ ቀነስ ይላል፣ ታርታሩ እዚያው ነው፣ ከወር በኋላ ይመለሳል። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ሲያስፈልጋችሁ የማይሠራ ይሆናል።

ድድ መነቀስ። መድማት ያስቆማል ተብሎ የሚደረግ አለ። መርፌው ፕላኩን አያነሣም። ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው የሚሄድ መርፌ ግን ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረስን ያስተላልፋል። እባካችሁ ለልጆቻችሁ አታስደርጉ።

ሎሚ ድድ ላይ ማሸት። ቫይታሚን ሲ ሲያንስ ድድ መድማቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚጠቅመው ሲበላ ነው። አሲዱ ጥርስ ላይ ሲታሽ ይጎዳል። ከሽሮው ጋር የምትበሉት ጥሬ ቃሪያ፣ ብርቱካን፣ ብዙ ያልበሰለ ጎመን በቂ ያደርሷችኋል። ጾምም ቢሆን እነዚህ አይቀሩም።

ጥንቃቄ የሚሹ ሰዎች

ነፍሰ ጡሮች። በእርግዝና ሆርሞን ምክንያት ድድ ለትንሽ ቆሻሻም ያብጣል፣ ይደማል። የሚያልፍ እንጂ የሚፈራ አይደለም፤ ጽዳቱን ግን ማጥበቅ ያስፈልጋል። ጥርስ ማሳጠብ በእርግዝና ጊዜ ይቻላል፤ እርጉዝ መሆናችሁን ተናገሩ። ካስመለሳችሁ ወዲያው አትቦርሹ፤ በውኃ ተጉመጥምጣችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ።

ስኳር ያለባችሁ። ስኳሩ ከፍ ሲል ድዱ ይብሳል፤ ድዱ ሲታመም ደግሞ ስኳሩን መቆጣጠር ይከብዳል። ሁለቱን አብራችሁ ተከታተሉ።

መድኃኒት የምትወስዱ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ ለደም ግፊት የሚሰጡት ኒፈዲፒንና አምሎዲፒን አንዳንድ ሰው ላይ ድድ ያሳድጋሉ። ድዱ ጥርሱን መሸፈን ከጀመረ ያዘዘላችሁን ሐኪም አማክሩ። በራሳችሁ አታቁሙ።

ሲጋራ የምታጨሱና ጫት የምትቅሙ። ሲጋራ የድድን ደም ሥር ያጠብባል። ስለዚህ ድዱ እየታመመ እንኳ ብዙ አይደማም፤ ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ሲቀመጥ አጥንቱ ያልቃል። ጫት በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት ሲቀመጥ በዚያ በኩል ያለውን ድድ ይፈትጋል፤ አብሮት የሚወሰደው ስኳርና ለስላሳ ደግሞ ጥርሱን ይበላል። ማቆሙ ካቃታችሁ ቢያንስ ስትጨርሱ አፋችሁን በውኃ እጠቡ፣ ሳትቦርሹ አትተኙ።

ልጆች። እስከ 7 ዓመት ገደማ ወላጅ ይቦርሽላቸው፤ እጃቸው አያደርስም። ከ3 ዓመት በታች ላሉት የሩዝ ፍሬ የምታህል ሳሙና፣ ከዚያ እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች።

ይህን ግን አጥብቄ ልንገራችሁ። በምግብ እጥረት የተጎዳ ትንሽ ልጅ፣ በተለይ ኩፍኝ ወይም ወባ ይዞት ካገገመ በኋላ፣ ድዱ ላይ ቁስል ካወጣ፣ ከደማ፣ አፉ ክፉ ከሸተተና ጉንጩ ማበጥ ከጀመረ አንድ ቀን አትጠብቁ። ኖማ ሊሆን ይችላል። በቀናት ውስጥ የፊትን ሥጋና አጥንት ይበላል፣ ይገድላልም። ገና ድድ ላይ ሳለ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክና በምግብ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ጤና ኬላ ይቅረባችሁ፣ ጤና ጣቢያ ይቅረባችሁ፣ ወደ ቀረባችሁ ይዛችሁት ሩጡ።

አዋቂም ቢሆን በእነዚህ ምልክቶች ቀጠሮ አይጠብቅም፦ እብጠቱ ወደ ጉንጭ ወይም ወደ አንገት ከወረደ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተ፣ ደሙ ተጭነው ይዘውት አልቆም ካለ። ድድ ብቻ ሳይሆን አፍንጫም ከደማ፣ ቆዳ ላይም ያለ ምክንያት የበለዘ ነገር ከታየ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። መግል የሚወጣው፣ ጥርሱ የሚነቃነቅበት፣ ድዱ የሸሸበት ሰው ደግሞ በዚያው ሳምንት ይታይ።

ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ያዙ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የልብ ቫልቭ ችግር፣ ስኳር ወይም እርግዝና ካለ ወንበሩ ላይ ሳትቀመጡ ተናገሩ፤ ሐኪሙ ከእጥበቱ በፊት የሚያደርገው ዝግጅት በዚህ ይወሰናል። ብሩሻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። እንዴት እንደምትቦርሹ አሳዩትና የሳታችሁትን ቦታ በመስታወት ያሳያችሁ።